ሽቦ የሚጠብቅና ሰው የሚጠብቅ፦ ጋሽ ከድር ረዲን ለምታውቁ ሁሉ

ጋሽ ከድር ረዲ ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ ዐርፈው በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ተቀበሩ። አብዛኞቻችሁ መርዶውን የሰማችሁት በስልክ ነው። መሰባሰብ በተከለከለበት፣ ቀብር ላይ እንኳ ጥቂት ሰው ብቻ በሚቆምበት በዚህ ክፉ የወረርሽኝ ጊዜ፣ ሄዳችሁ አፈር ልታለብሷቸው አልቻላችሁም። እኔም አልቻልኩም። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘይነባን አቅፌ ማልቀስ አምሮኝ፣ በስልክ «አይዞዎት» ብያቸው ብቻ ቀረሁ። ስለዚህ ለቅሶዬን በጽሑፍ ልድረስ ብዬ ተቀምጫለሁ። በዚህ በስደት አገራችን፣ ዱርንፎንቴን ሰፈርም ሆነ ዲፕስሉት፣ ቤቱን ዘግቶ ብቻውን ለሚያለቅስ ወዳጃቸው ይድረስልኝ።

ለማታውቁኝ፣ አስቴር እባላለሁ። ኮዝሞ ሲቲ ውስጥ ከባለቤቴ ከታምራት ጋር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለን፤ ከሱቁ ጀርባ ከልጆቻችን ጋር እንኖራለን። ጋሽ ከድር የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። እሳቸው ስልጤ፣ እኔ ሀዲያ፤ እሳቸው መስጊድ፣ እኔ ቸርች፤ የምንግባባበት አማርኛ እንኳ ለሁለታችንም የእናት ቋንቋችን አይደለም። ሆኖም በዚህ አገር አባት አለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር የምጠራው የእሳቸውን ስም ነበር።

ዱርንፎንቴን ያለችውን ጠባብ ሱቃቸውን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሽቦ፣ አምፖል፣ ፕላግ፣ ብሎን ይሸጡባታል፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይጠብቃል። ዋናው ሥራቸው ግን የቤት ኤሌክትሪክ መዘርጋት ነበር። ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ የአገሩን የሽቦ ሥራ ደንብ በእንግሊዝኛ አጥንተው፣ ተፈትነው ፈቃድ ያወጡ ሰው ናቸው። ደንቡ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ገና ሲያዩት እንቅልፍ ያመጣል። እሳቸው ግን እንደ ጎረቤት ወሬ ነበር የሚያወሩት።

«ሰው ሁሉ መጽሐፉን ከመሀል ይጀምረዋል» ይሉ ነበር። «ምን ያህል ውፍረት ያለው ሽቦ፣ ምን ያህል የሚችል ብሬከር ብሎ ይፈልጋል። ፊት ላይ ያለውን የቃላት ፍቺ ይዘለዋል። ቃሉን ያላወቀ ሰው ቁጥሩን ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል?»

ከፍቺዎቹ መካከል አንዱን አብልጠው ይወዱት ነበር። በደህናው ጊዜ ኤሌክትሪክ የሌለበት፣ አንድ ነገር ሲበላሽ ግን ሊመጣበት የሚችል፣ የሰው እጅ የሚደርስበት ብረት፤ ደንቡ ለዚህ ራሱን የቻለ ስም አለው። ጋሽ ከድር ስሙን ረጋ ብለው በእንግሊዝኛ ይጠሩትና ወደ ቤቱ ዞር ይላሉ። «የፍሪጁ በር። ማንቆርቆሪያው። ያቺ ቧንቧ። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ያንቺን ልጅ አያውቁትም፤ ግን እጁ የት የት እንደሚደርስ አስበውለታል» አሉኝ አንድ ቀን። እኔ ደንብ ሲባል ቅጣት ብቻ ነበር የሚታየኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ደንቡን ስሰማ የልጄ እጅ ይታየኛል።

የሥራቸውን ልማድ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ሌላው ኤሌክትሪሺያን ሠርቶ፣ አብርቶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ጋሽ ከድር ሥራቸውን ሲጨርሱ ቤተሰቡን በሙሉ ብሬከሮቹ የተደረደሩበት ሳጥን፣ ዲቢ የምንለው ሥር ያቆሙታል። የሚኖርበትም፣ ለእንግድነት የመጣውም፣ ልጆቹም ይቆማሉ። ሻይ ቀርቦላቸው ይቀዘቅዛል። ከእያንዳንዱ ሰው መልስ ሳይሰሙ አንድ ጊዜ እንኳ ፉት አይሉለትም።

የእኛን ቤት የጨረሱ ዕለት በታምራት ጀመሩ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ብሬከር።»

«ስሙን እኮ ሱቅም ይነግሩሃል። ሥራውን ንገረኝ።»

ታምራት ራሱን አከከ። እኔም ተራዬ ሳይደርስ ሾልኬ ልወጣ ስል፣ «አስቴር፣ ወዴት ነው?» አሉኝ። «ጋሽ ከድር፣ እኔ የሱቅ ሴት ነኝ፤ ይሄ የወንዶች ነገር ነው» አልኳቸው። «ኤሌክትሪክ ወንድና ሴት አይለይም፤ ያገኘውን ነው የሚይዘው። ነይ፣ ቁሚ» አሉኝ። ቆምኩ።

ያኔ ነው ያስተማሩን። «ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ብዙ ዕቃ ስትሰኩበት ሽቦው እንዳይግል፣ ቤቱ እንዳይቃጠል ወድቆ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። ይሄኛው፣ ትንሽ መሞከሪያ ያለችው፣ ኧርዝ ሊኬጅ ይባላል። የሚጠብቀው ሰው ነው። በመጪው ሽቦ የመጣውና በመመለሻው ሽቦ የተመለሰው እኩል መሆኑን ቁጭ ብሎ ያያል። ጥቂት ከጎደለ፣ የጎደለው በሰው በኩል እየሄደ ይሆናል ብሎ ፕላጉን ሁሉ ያጠፋል። ይሄ ሽቦ ይጠብቃል፤ ይሄ ሰው ይጠብቃል። በሉ፣ ከኋላዬ በሉ።» እንደ ሰንበት ትምህርት ልጆች ከኋላቸው አልን።

መጪና መመለሻ የሚሉት ቃላት የእሳቸው ናቸው። ሁለተኛውን ሽቦ አንዳንዱ መዝገበ ቃላቱን አይቶ «ገለልተኛ» ብሎ ሲተረጉም በጣም ይናደዱ ነበር፤ ሲናደዱ ያየኋቸውም በዚህ ብቻ ነው። «ገለልተኛ ካልሽው ሰው አይነካኝም ብሎ ይነካዋል። ስም ስታወጪ ስሙን ሰምቶ የሚዘረጋውን እጅ አስቢ» ይሉ ነበር። ዛሬ በኮዝሞ ሲቲ ስንት የሀበሻ ቤት መጪ፣ መመለሻ፣ መሬት እያለ እንደሚያወራ እናንተው ታውቃላችሁ።

ከሱቃቸው በላይ የምትኖር አንዲት የዙሉ አሮጊት ነበረች። ጣቶቿ በቁርጥማት ታጥፈዋል። ጋሽ ከድር በየወሩ ደረጃውን ወጥተው «ሳውቦና ጎጎ»፣ ሰላም አያቴ፣ ብለው በቋንቋዋ እየጠሯት ይገቡና የኧርዝ ሊኬጁን መሞከሪያ ይጫኑላታል። ሲወድቅ መልሰው ያነሱታል። የሚሠሩት ይኸው ነው፤ ለዚሁ ነበር ያንን ሁሉ ደረጃ የሚወጡት። አንድ ቀን አብሬያቸው ወጥቼ፣ «ወድቆ መነሳቱ ምን ያደርግላታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሞክረሽ ያላየሽው ጠባቂ ጠባቂ አይደለም» አሉኝ። አሮጊቷ እሳቸውን ስታይ የምትስቀው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። መርዶውን ማን እንደነገራት አላውቅም።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

ወረርሽኙ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገረሽ፣ በዚህ አገር ብርድ መሀል፣ ታምራት ታመመ። ሆስፒታል ወስደነው አልጋ የለም ብለው መለሱን። ዕድራችን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተዋጥቶ፣ ከአየር ላይ ኦክስጅን ለይቶ ለበሽተኛ የሚሰጥ ማሽን ገዝቶ ነበር፤ አንድ ብቻ። የባሰበት ሰው ቤት ይቆይና ሲሻለው ወደ ሌላው ያልፋል። ያን ሳምንት ማሽኑ እኛ ቤት ነበር። ፕላግ ላይ ተሰክቶ ያጉረመርማል፣ ታምራትም በአፍንጫው በገባችው ቱቦ ይተነፍሳል። እኔ ሥራዬ እሱን ማየት ሆነ።

እኩለ ቀን ላይ ማሽኑ ጮኸና ጸጥ አለ። አምፖሉ እንደበራ ነው፤ የሞቱት ፕላጎቹ ናቸው። ሮጬ ዲቢውን ከፈትኩ። ሰው የሚጠብቀው ወድቋል። አነሳሁት፤ ማሽኑ ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ወደቀ። የባሌ ወንድም አበራ ከሆሳዕና ከመጣ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም፤ እዚያ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሯል። ከኋላ ላለው ፍሪዘር ግድግዳው ላይ አዲስ ፕላግ የሠራልንም እሱ ነው። የበራውን ዕቃ ሁሉ ግድግዳው ላይ እየዞረ አጠፋ። እንደገና አነሳን፤ እንደገና ወደቀ።

«አስቴር፣ ልዝለለው» አለኝ። «ሽቦውን ከጎኑ አሳልፌ በቀጥታ ላገናኘው። ለጊዜው ብቻ።»

አበራን አልወቅሰውም። ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሥጋና ወተት እንዳይበላሽበት ሲል ኧርዝ ሊኬጁን ያልዘለለ ባለሱቅ ዲፕስሉት ውስጥ ፈልጉና አምጡ። እኔን ደግሞ ያስጨነቀኝ የሥጋው ነገር አልነበረም። የታምራት ከንፈር እየጠቆረ ነበር። «እሺ» ማለት ምላሴ ላይ ደርሷል። ግን እጄ ስልኩን አነሳና ጋሽ ከድር ጋ ደወልኩ።

«ምን ወደቀ?» አሉኝ ድምፄን ሲሰሙ። ሰላምታም አላስጨረሱኝ።

«ሰው የሚጠብቀው። ዝም ብሎ ትሪፕ ያደርጋል፣ ጋሽ ከድር። ማሽኑ ጠፍቷል። አበራ ልዝለለው እያለ ነው።»

«አይዘለልም። ስሚኝ ልጄ። እሱ የወደቀው የሆነ ቦታ የሚያፈስ ነገር ስላገኘ ነው። ብትዘሉት ማፍሰሱ አይቆምም፤ የሚነግራችሁ ነው የሚጠፋው። ልጆቹ የት ናቸው?»

ዞር ብዬ አየሁ። ልጆቹን ከአባታቸው ለማራቅ ብዬ ወደ ኋላ ልኬያቸዋለሁ። ፍሪዘሩን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ለጋሽ ከድር ነገርኳቸው።

«ከዚያ አስነሻቸው» አሉኝ። ድምፃቸው አልጨመረም። ልጆቹን አስነስቼ ተመለስኩ።

«ሁሉንም ዕቃ አጥፍተናል፣ ጋሽ ከድር። ፍሪዘሩንም አጥፍተነዋል። አሁንም ይወድቃል።»

የሚተነፍሱት ይሰማኛል። ከዚያ የጠየቁኝን ጥያቄ ሌላ አገር ያደገ ኤሌክትሪሺያን ይጠይቀው ነበር ብዬ አላምንም። «የፍሪዘሩን ፕላግ ማን ሠራው?»

«አበራ።»

«ሙያውን የት ተማረ?»

«ሆሳዕና።»

«አሰሚኝ።» ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ወደ አበራ አስጠጋሁት። «አበራ፣ እንዴት ነህ? ጥቁሩን ሽቦ ምን አድርገህ አሰርከው?»

«ፌዝ አድርጌ፣ ጋሼ። እኛ ጋ እኮ…»

«አውቃለሁ፤ እኛ ጋ ጥቁሩ መጪ ነው። እኔም ስመጣ እንደዚያው አስሬያለሁ፤ አይክፋህ። እዚህ አገር ግድግዳ ውስጥ ግን ጥቁሩ መመለሻ ነው። ስለዚህ ማጥፊያውን ስትጫነው ያቋረጥከው መመለሻውን ነው። መጪው እስካሁን ፍሪዘሩ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከዚያ ነው የሚያፈሰው። አስቴር፣ አሁን ወድቋል አይደል?»

«ወድቋል።»

«እንግዲያው ፕላጉ ሙት ነው፤ አትፍሪ። ማጥፋት አይበቃም። የፍሪዘሩን ገመድ ጫፍ፣ ፕላስቲኩን ያዢና ከግድግዳው ንቀይው። ከዚያ አንሺው።»

ነቀልኩት። አነሳሁት። ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። ቆምኩ። አበራም ቆመ። ሁለታችንም ዲቢውን እያየን፣ አሁን ይወድቃል ብለን እንጠብቅ ነበር። አልወደቀም። ታምራት ዓይኑን ከፈተ። እኔ በቸርች ድምፄ ጮክ ብዬ አመሰገንኩ፤ በስልኩም ውስጥ ጋሽ ከድር ቀስ ብለው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። በሁለት ዓይነት ጸሎት አንድ ሰው ተነፈሰ።

ስልኩን ሳይዘጉ አበራን መልሰው ጠሩት። ሰው ሞት አፋፍ ላይ ደርሶ የተመለሰበትን ስህተት የሠራ ወጣት ነበር፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል። እሳቸው ግን የተናገሩት፣ «ፍሪዘሩን ለሰው እስክታሳይ አትሰካው። ዋናውን ማጥፋት በምትችሉበት ቀን ፕላጉን ፈተህ ታስተካክለዋለህ፤ በስልክ እያየሁህ። እጅህ ጥሩ እጅ ነው፤ የጎደለህ የአገሩ ቃል ብቻ ነው» ብቻ ነው። አበራ ወደ ጓሮ ወጥቶ አለቀሰ።

ሲናገሩ ትንፋሻቸው ቆረጥ ቆረጥ ይል ነበር። የስልኩ መስመር መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየደወሉ ስለ ታምራት ይጠይቁ ነበር። «እርስዎስ ደህና ነዎት?» ስላቸው፣ «ደህና፣ ደህና። ታምራት በላ?» ይሉኛል። ጨዋታቸው እያጠረ መጣ። አንድ ቀን ሳይደውሉ ቀሩ። ታምራት ያለ ማሽን መተንፈስ ሲችል የዕድሩ ሰዎች ማሽኑን ሊወስዱ መጡ። «ለማን ነው የሚሄደው?» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ለጋሽ ከድር ሊሆን ነበር አሉኝ፤ አሁን ግን ሆስፒታል ገብተዋል። አልጋው የተገኘላቸው ከባሰባቸው በኋላ ነው።

የቀረውን ወይዘሮ ዘይነባ ነገሩኝ። እኔ የደወልኩ ቀን ጋሽ ከድር ታመው፣ በትራስ ተደግፈው አልጋ ላይ ነበሩ። የዕድሩ ሰዎች ማሽኑን ከእኛ ቤት እናምጣልዎት ወይ ብለው ጠይቀዋቸዋል። «እኔ ገና ቁጭ ብዬ አወራለሁ፤ ታምራት ማውራት አቅቶታል። ማሽኑ ካለበት አይነቃነቅ። ለአስቴርም እንዳትነግሯት» ብለዋቸዋል። «ማሽኑ ቢመጣ ኖሮ ይተርፉ ነበር?» ብዬ ወይዘሮ ዘይነባን ጠየቅኋቸው። እንዴት እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። «አላህ ነው የሚያውቀው፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ የማውቀው እሳቸው ያን ቀን ስልኩን ዘግተው ፈገግ ማለታቸውን ነው።»

ጋሽ ከድር፣ መናደዴን ልንገርዎት። ማን ጠየቀዎት? ብነግርዎ «እንደዚያ አይደለም» ብለው ፍቺውን ያስረዱኝ ነበር፤ የባሰበት ይቀድማል ይሉኝ ነበር። በሰው ቤት ሁሉ ልጅ የሚደገፍበትን ብረት ሲያስቡ ኖረው፣ ለራስዎ ሳያስቡ ሄዱ። ቀብርዎ ላይ አልቆምኩም፤ እጅዎን አልሳምኩም፤ ታምራት ከአልጋ ሲነሳ ድምፁን አላሰማሁዎትም፤ ስልክዎ ያኔ አይነሳም ነበር። እርስዎ በሚያምኑት መንገድ ጀነትን ይስጥዎት፤ እኔም በማምንበት ስምዎን ሳላነሳ አልተኛም። ለወይዘሮ ዘይነባ ደግሞ ልጅ አለችዎ ብያቸዋለሁ፤ ይህን ቃል አላጥፍም።

ደህና ይሁኑ፣ ጋሽ ከድር። ታምራት አሁን ሱቅ ውስጥ ነው። ይህን ስጽፍ ልጆቹን ይቆጣል፤ ብስኩት ነካክተውበት መሰለኝ፣ ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል፤ ሳያርፍ፣ ሳያስል፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚቆጣው። ተነስቼ ዝም በል ልለው ነበር። ተውኩት። እርስዎ ሊሰሙት ይገባ ነበርና፣ በእርስዎ ፈንታ ቁጭ ብዬ እየሰማሁት ነው።